የትበርህ ሁዳዴ

የካቲት 10 ቀን 2017

የናሙናው ውጤት ወጣ። ዶክተር አብኔዘር እኔንና የባለቤቴን ወንድም ፀጋዘአብን ኮሪደሩ ላይ አስቆመን። ትበርህ ውስጥ ከነርሷ ጋር ቀርታ ልብሷን ትለብስ ነበር። የጨጓራ ካንሰር ነው አለን። ድምፁን ዝቅ አደረገ እንጂ ቃሉን አልሸሸውም። እስካሁን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሄደ አይመስልም፤ በቀዶ ጥገና ማውጣት ይቻላል። ችግሩ ደሟ ወርዷል፣ ሰውነቷም አልቋል። በዚህ አቅሟ ብትከፈት ከጠረጴዛው ላትነሳ ትችላለች። ስለዚህ መጀመሪያ ትብላ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ጉበት፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። ስታገግም ቀን ይቆርጥላታል።

ፀጋዘአብ መጀመሪያ የጠየቀው "ለእሷ ነግረዋታል?" ብሎ ነው። አልነገርኳትም አለ ዶክተሩ። "እንዳይነግሯት። እህቴን አውቃታለሁ። በሽታው ሳይሆን ስሙ ነው የሚገድላት።" ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። ለቀዶ ጥገናው ራሷ መፈረም እንዳለባት፣ ቢነገራት እንደሚሻል፣ እስከዚያ ግን ቤተሰብን ተጋፍቶ እንደማይነግራት ተናገረ። ባሏ እኔ ነኝ፤ የተጠየቀው ግን ፀጋዘአብ ይመስል ነበር።

መኪና ውስጥ ምን አለ ስትለኝ ጨጓራ ነው አልኳት። ቁስለት አለው፣ ባክቴሪያም አለበት።

ሳቀች። "አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? ለዚህ ነው ሁለታችሁም ከቀብር የተመለሳችሁ የምትመስሉት?"

ውሸት አይደለም። ያመማት ጨጓራዋ ነው።

የካቲት 12

ልጃችን ሄርሞን ቤት፣ አያት ሰፈር፣ ሦስታችን ተሰበሰብን። ለትበርህ የባንክ ጉዳይ ነው ብያት ነው የወጣሁት። ሄርሞን አለቀሰችና ፊቷን ታጥባ ከተመለሰች በኋላ እማዬ ይነገራት አለች። ፀጋዘአብ ልጅ ነሽ አላት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ሁለት ልጅ አላት። "አንቺ ባንክ ቤት ቁጭ ብለሽ ስንት ሰው ቀበርሽ? እኔን ጠይቂኝ። የነገሩት ሰው በሳምንቱ ነው የሚተኛው።"

ቀጥሎ የእናታቸውን ነገር አነሳ። እናታቸው ያረፉት አክሱም፣ ስልክ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ነው። መርዶው የደረሰን ስልኩ ከተከፈተ በኋላ ነበር። በፍልሰታ ጾም የንስሐ አባታቸው ወተት እንዲጠጡ ፈቅደውላቸው እንደነበርና ብዙም ሳይቆዩ እንዳረፉ የነገረን የመጣው ዘመድ ነው። ትበርህ ያን ጊዜ "እንግዲያው አውቃ ነው የሞተችው" አለች። ፀጋዘአብ ይህን ቃሏን ይዟል። ስለዚህ ቄሱም እንዳይሰሙ አለ፤ ቄስ ግደፊ ካላት ያው ነገራት ማለት ነው።

ትበርህ ያን ቀን ከዚያ ቃል በኋላ "ተመስገን" ብላ ነበር። ፀጋዘአብ ይህን አላነሳም። እኔም አላነሳሁበትም።

የካቲት 16

ቅበላ። ፀጋዘአብ ሙክት አስመጣ። ሁሉም ብይ ብይ አላት፤ እሷ ግን ለሰው ስትቆርጥ ዋለች። ሁለት ጊዜ ጎረሰች። ሁለተኛውን መታጠቢያ ቤት ሄዳ መለሰችው።

የካቲት 17

ጾሙ ገባ። ጠዋት እንቁላል ጠብሼ አቀረብኩላት። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። "ተክሌ፣ አረጀህ መሰለኝ። ዛሬ እኮ ሁዳዴ ነው።" ዶክተሩ አዟል አልኳት። ዶክተሩ ጴንጤ ነው አለችኝ።

ለጨጓራ ተብሎ ጾም አይፈርስም አለች። ማታ ደግሜ ሞከርኩ። እሱንስ ተወው አለችኝ።

የካቲት 20

ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉ ተልባ ይዛ መጣች። እሷም ጨጓራ አለባት፤ አሥራ ምናምን ዓመቷ ነው፣ አንድም ሁዳዴ አላመለጣትም። "ባይሆን በርበሬውን ቀንሺ" አለቻት። ሁለቱ ጨጓራቸውን እንደ ቆየ ጎረቤት እያሙት ተሳሳቁ። እኔ ሳሎን ነበርኩ። ትበርህ እንዲህ ስትስቅ ብዙ ጊዜዬ ነው ሳልሰማት። ፀጋዘአብ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ብታውቅ ትስቅ ነበር?

የካቲት 24

ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አይቆምም። በመርፌ ቁልፍ ያዘችው።

ፋብሪካ ጭነት አለ። ከቦሌ ለሚ አራት ሰዓት ላይ ወጥቼ ወደ ቤት በረርኩ፤ ተኝታ አገኘኋት፤ ተመለስኩ። የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ሆኜ ዛሬ ያለፈውን ሸሚዝ ሁሉ ሳላይ ነው ያሳለፍኩት።

የካቲት 27

ሄርሞን ካልነገራችኋት ቢያንስ ለንስሐ አባቷ ንገሩ ብላ ስላስጨነቀችን፣ እኔና ፀጋዘአብ ቀሲስ እሸቴ ዘንድ ሄድን። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ፀጋዘአብ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም አመጣው። ትበርህ ደከም ብላለች፣ በጾሙ ትንሽ ቢያግዟት አላቸው። ቀሲስ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ሕመሟ ምንድን ነው? ለበሽተኛ የተፈቀደ ነው፣ እኔ አልከለክልም። ግን ምን እንደሆነ ልወቅ።"

ፀጋዘአብ ጨጓራ ነው አላቸው።

ቀሲስ እኔን ተመለከቱኝ። ጨጓራ ነው አልኳቸው።

እንግዲያው ሰዓቷን ታሳጥር፣ ጠዋት ትብላ፣ ስግደቱም ይቅርባት አሉ። ለጨጓራ ወተትና ሥጋ ብፈቅድ ግን ከምዕመኖቼ ግማሹ ነገ ደጄ ላይ ይሰለፋል ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን። ስንመለስ ፀጋዘአብ መሪውን እየመታ "አየህ፣ በሰላም ወጣን" አለ። ከምን እንደወጣን አልጠየቅሁትም።

መጋቢት 1

ሲኤምሲ ካለው ሱቅ የዱቄት ወተት ተገዛ።

የአጃ አጥሚቱን ከዛሬ ጀምሮ እኔ አበስላለሁ አልኳት። ደስ አላት። በትዳራችን ዘመን ከሻይና ካልበላችው እንቁላል በስተቀር ምንም አብስዬላት አላውቅም። አልጋዋ ላይ ሆና ስለ እሳቱ መመሪያ ትሰጠኝ ነበር። ከእሳቱ ሳይወርድ አራት ማንኪያ ተጨመረበት። ጣዕሙ አይታወቅም፤ ስኳሩ ይሸፍነዋል። ጨርሳ ጠጣችው። "እጅህ ቅባት አለው" አለችኝ።

ዶክተሩ በዚህ ዓይነት ነገር ይስማማል። ባለሙያ ነው፤ የሚፈልገው ውጤት ነው።

መጋቢት 4

ሄርሞን በሥራ መሄጃዋ ስታልፍ ወጥ ቤት ገብታ የወተቱን ቆርቆሮ አየች። ከጤፉ ማስቀመጫ ጀርባ ነበር። እማዬን አታስገድፏት አለችኝ። ንገሯትና ራሷ ትወስን። "ታውቃታለህ አባዬ። ይሄ ለእሷ ሞት ነው።" ሞት ማለት ምን እንደሆነ ዶክተሩ ነግሮናል አልኳት። ቆርቆሮውን ቦታው መለሰችና ሄደች።

መጋቢት 7

መጻጉዕ። ትበርህ ትቆርባለች። ቀድሞም በዚህ እሑድ ልማዷ ነው፤ ዘንድሮ ትተዋለች ብዬ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፣ ነጠላዋን ራሷ አጥባ ተኩሳለች።

በመንገድ ላይ ልነግራት አስቤ ነበር። ከሲኤምሲ አደባባይ ጀምሮ መንገዱ ተቆፍሮ አቧራው አያሳይም፤ ዓይኔን ከመንገዱ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ከዚያ መኪና ማቆሚያ ጠፋ። ከዚያ ሄርሞን ልጆቹን ይዛ መጣች።

ከሩቅ አየኋት። ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ቀረበች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትመለስ ፊቷ የልጅ ፊት መስሎ ነበር። ሄርሞን አጠገቤ ቆማ ነበር። አላየችኝም።

መጋቢት 10

ደሟ ጨምሯል! ክብደቷም። ዶክተር አብኔዘር ምን እያበላችኋት ነው ብሎ ጠየቀ፤ አጥሚት አልኩት። በዚሁ ከቀጠለች ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀን እቆርጣለሁ አለ። ትበርህ በበኩሏ "ቁርባኑ ነው" አለችው። እሱም እግዚአብሔር ይመስገን አለ።

ለፀጋዘአብ ደወልኩ። አንተ ሰውዬ ከሐኪም በለጥክ አለኝ። ውጤቱ ከወጣ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ጥሩ ቀን ነው። ሥራ ቦታ ልጆቹ ምን ተገኘ አሉኝ።

መጋቢት 12

በሠራተኞች አውቶቡስ ከኋላዬ ሁለት የስፌት ልጆች ያወሩ ነበር። አንዷ ስለ አክስቷ ነው። ሐኪሙ ፊት ለፊት ያ በሽታ ነው ብሎ ነገራት፣ ከዚያ ቀን በኋላ አልጋ ላይ ነች። ባይነግሯት ትኖር ነበር አለች። ጓደኛዋ ከንፈሯን መጠጠች።

እኔ ብቻ አይደለሁም እንዲህ የማስበው።

መጋቢት 15

ከሥራ ስገባ ትበርህ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ምድጃው ላይ ነጭ ነገር ፈስሶ ደርቋል። ርቧት ኖሮ ተነስታ የጠዋቱን አጥሚት ልታሞቅ ጥዳዋለች። እንደ ወተት ገንፍሎ ወጣ። አጃ እንደዚያ አይገነፍልም። ከዚያ ፈለገች፤ አገኘችው። ቆርቆሮው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ለሄርሞን ደውላላት ኖሮ ሄርሞን ከእኔ በፊት ደርሳለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ትበርህ ድምፅዋን አላነሳችም። በትግርኛ ነው የጠየቀችው፤ ስትጸልይና ስታዝን በትግርኛ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው አለች። ቀጥላ ከመጻጉዕ በፊት ነው ወይስ በኋላ አለች።

ሄርሞን እኔን አየችኝ። ለረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ "በፊት ነው እማዬ" አለች። "እኔ ነኝ። አባዬ ሥራ ሲሄድ እየመጣሁ እጨምር ነበር።"

ዝም አልኩ። በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር መናገር ነገሩን ማባባስ ነበር። ከቤቱ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ የምታምነው ያስፈልጋታል፤ ሄርሞንም ያን አስባ ይመስለኛል።

"ገድፌ ሥጋ ወደሙን ተቀበልኩ" አለች ትበርህ። ሌላ አልተናገረችም። ተነስታ ድስቱን አጠበችው፤ ሁለት ጊዜ፣ በአመድ ጭምር። ሄርሞን ልታግዛት ስትጠጋ እጇን በክርኗ ገፋችው።

መጋቢት 17

ቀሲስ እሸቴ ዘንድ ሄዳ ነበር። ታክሲ ጠርታ ብቻዋን። ሳታውቂ የተደረገብሽ ነው፣ ኃጢአት የለብሽም ብለዋታል። አልተቀበለችም፤ ቅጣት ይስጡኝ ብላ ለመነች። ጥቂት ጸሎት ሰጧት። እሷ ግን ከራሷ ጨምራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ላለመቅመስ ወስናለች። በጨጓራ የተነሳ ያሳጠሩላትን ሰዓት መልሳ ሰጠቻቸው።

መጋቢት 19

የሌላ ሰው እጅ የነካውን አትበላም። ራሷ የቀቀለችው የባቄላ ንፍሮ። ቆሎ። ትመልሰዋለች።

መጋቢት 21

ሄርሞን በየጠዋቱ ወደ ባንክ ስትሄድ ትመጣለች። ትበርህ ወጥ ቤት አታስገባትም። ስለዚህ ያልተላጠ ሙዝ ታመጣለች፣ ያልተላጠ ብርቱካን። ውስጡ ምንም ሊጨመር የማይችል ነገር። በር ላይ አስቀምጣው ትሄዳለች። ዛሬ በመስኮት አየኋት፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሳታስነሳ ብዙ ቆየች። ባንኩ ይረፍድባታል ብዬ አሰብኩ።

ትበርህ አንድ ሙዝ ግማሹን በላች። እኔ ልላጥላት ስል ስጠኝ ብላ ተቀበለችኝ። ግን እኔን ከወጥ ቤት አላስወጣችኝም። ሻይ አፍላልኝ ትለኛለች። እኔ ያፈላሁትን ትጠጣለች።

መጋቢት 22

ለፀጋዘአብ ደወልኩ። አሁን እንንገራት አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ቃሉን ከአፌ ያወጣሁት። አሁን ብትነግራት በዚህ ሁሉ ላይ ትጨምርባታለህ አለኝ። ጾሙ ሊያልቅ ነው፣ በፋሲካ ትበላለች፣ ያን ጊዜ ትጠግናለች። ዶክተሩ እስከ ፋሲካ ጠብቁ አላለም አልኩት። "ታዲያ እስካሁን የት ነበርክ?" አለኝ።

የመጀመሪያ ቀን መኪና ውስጥ ጨጓራ ባልላት ኖሮ። ምን እንዳለ ዶክተሩን ጠይቂው ብላት ኖሮ።

መጋቢት 26

ደሟ ከመጀመሪያውም በታች ነው። ቀን መቁረጡ ቀረ። ዶክተር አብኔዘር ሌላ ምርመራ አዘዘ። ምን ተፈጠረ አለኝ። ጾም ነው አልኩት። አሁንም አልነገራችኋትም አለኝ። እየጠየቀኝ አልነበረም።

ፋብሪካ፣ አንድ ሙሉ ካርቶን ተመልሶብኝ መጣ።

ሚያዝያ 2

ጉበቷ ላይ ታይቷል። ዶክተሩ ምስሉን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየኝ፤ የት ጋ እንደሆነ ልለይ አልቻልኩም፤ ግን አየሁት አልኩት። ቀዶ ጥገና አሁን አይረዳትም። ሕመሟን የሚያስታግስ መድኃኒት እንሰጣለን። ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ አንዱን ቢመልሰው ያን ቀን ኮሪደር ላይ የተናገረውን ክፍሉ ውስጥ፣ እሷ ባለችበት ይናገር እንደነበር ገለጸልኝ። ልጅ እግር ነው። አጽናናሁት።

ደረጃው ላይ ጥበቃው ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ሚያዝያ 5

ሆሳዕና። ዘንባባ አመጡላት። በግንባሯ አሰረችው፤ ወረደባት።

ሚያዝያ 10

ስቅለት። መስገድ አልቻለችም። ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ራሷን ዝቅ ከፍ ታደርግ ነበር። ሄርሞን ከኋላዋ ቆማ ትሰግድ ነበር፤ በእሷም ፈንታ ይመስለኛል። እናትየው አልዞረችም።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ሁሉም መጣ። ፀጋዘአብ እንደ ቅበላው በግ ጎተተ። ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ ፊቷ ተደረደረ። አሁን ማንም የሚከለክላት የለም። ፀጋዘአብ ራሱ አጎረሳት። አኝካ አኝካ፣ መዋጥ አቅቷት፣ በመሐረብ ተፍታ አጠፈችው። ፀጋዘአብ ሌላ ጉርሻ ይዞ እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ስልክ የሚያወራ መሰለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሚያዝያ 15

ዛሬ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሻይ ሳቀርብላት ሳትቀበለኝ ቀረች።

"ጾሙ አልቋል" አለችኝ። "አሁንስ ምን ልትሉኝ ነው?"

ነገርኳት። ሁሉንም፤ ከኮሪደሩ ጀምሮ እስከ ጉበቷ። ረጅም አልነበረም። ለሁለት ወር የተሸከምኩት ነገር ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። አልጮኸችም፣ አልተኛችም፣ ፀጋዘአብ ይሆናል ያለው አንዱም አልሆነም። ስለ ቀዶ ጥገናው ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ብትበላ ኖሮ ይደረግላት እንደነበር ደግሜ ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች።

"አባን እኔው ራሴ እጠይቃቸው ነበር" አለች። "ለበሽተኛ ተፈቅዷል እኮ። ሥጋም እበላ ነበር፣ ወተትም እጠጣ ነበር። ማን ነገራችሁ መሞት እፈልጋለሁ ብዬ?"

ትከሻዬን ይዛ ተነስታ ተቀመጠች። ከዚያ ሄርሞንን ጥራልኝ አለችኝ። ለምን ስላት "ወተቱን የጨመረችው ልታድነኝ ኖሯል" አለች። "ከሁላችሁም የደፈረች እሷ ናት። እኔ ደግሞ እንደ ውሻ ከደጅ መለስኳት።"

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ይገባኛል። ስልኬን አንስቼ ሄርሞንን ጠራኋት።

ቶሎ ደረሰች። የባንኩን መታወቂያ ከአንገቷ ሳታወልቅ ነው የገባችው። ትበርህ እጇን ያዘቻት፣ ጎትታ ሳመችው፤ መዳፏንም ጀርባውንም። "ይቅር በይኝ ልጄ" አለቻት። እናት የልጇን እጅ ስትስም ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም። ሄርሞን እጇን ልታስለቅቅ ታገለች፣ አልቻለችም። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ሄርሞን ወደ እኔ ቀና አለች፤ ጠበቀች። እውነት ነው፣ ጠብቃኛለች።

"ይቅር ብያለሁ እማዬ" አለች በመጨረሻ።

ትበርህ ከሄርሞን እጅ ካልሆነ ምንም አልቀምስም አለች፤ አሁን በግልጽ፣ በወተት። ሄርሞን ወጥ ቤት ገብታ አጥሚት ሠርታ መጣች። ትበርህ ሦስት ማንኪያ ዋጠች፤ አልመለሰችውም። አራተኛው ላይ ልጇ ሥራ እንደሚረፍድባት አስታወሰች። የቀረውን አባትሽ ያጎርሰኛል አለች።

ሄርሞን ብርጭቆውንና ማንኪያውን ሰጠችኝ። ተቀበልኳት።